ፍሪሲዮን ሲከብድ ምን ማድረግ ይገባል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «ጋሼ፣ ዕድሜዎን በሙሉ መዝገብ ቤት ነው የኖሩት፤ ዘንድሮ ስለ ፋይል አያያዝ አንድ ንግግር ያድርጉልን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ፋይል ብናገር ግማሾቻችሁ እንደምታንቀላፉ ስለማውቅ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስለ መኪና ፍሪሲዮን ለመናገር መጥቻለሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ትምህርቴም 6ኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ከተላላኪነት ጀምሬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን ሰማያዊ ቮልስዋገን በ1983 ዓ.ም. ከሟች አጎቴ ተረክቤ እስከ ዛሬ ስነዳት ኖሬአለሁ። ከእርሷ የተማርኩትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። ነገሩ የመኪና ነገር ቢመስልም እድራችንንም የሚነካበት ምክንያት አለው፤ ወደ መካከሉ ስደርስ ታዩታላችሁ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። ልጁ የሚኖረው አሜሪካን አገር ካሊፎርኒያ ነው። ሕፃን ሳለ እሑድ እሑድ በቮልስዋገኔ የኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲዞር ያደገ ስለሆነ የመኪና ፍቅር አለበት። እዚያ አገር ደግሞ ዕቃው ተከፋፍሎ የሚሸጥ፣ ገዢው ራሱ በቤቱ ጋራዥ የሚገጣጥመው መኪና አለ። ልጁም አንዱን ገዝቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ ሲገጣጥም ከረመ። ሲያልቅ ፎቶግራፉን ላከልኝ። መልኩ ቁርጥ የድሮው ፖርሽ 356 ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሸራ ጣሪያ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የስፖርት መኪና።

እውነተኛው ፖርሽ 356 በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1965 የተሠራ ስለሆነ ዛሬ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የቮልስዋገን ወለልና ሞተር ተወስዶ ከፋይበር ግላስ የተሠራ የፖርሽ አምሳያ ቦዲ ይጫንበታል። ጋብቻውም ከዘመድ ነው። ቮልስዋገንን የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሽ ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ 356ን ሲያወጣ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከቮልስዋገን ነበር። ቮልስዋገንም በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስከተሠራች ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች ወለል አይቸግርም። ችግሩ ርዝመት ነው። በቮልስዋገን የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ሲሆን፣ የፖርሹ 2 ሜትር ከ10 ነው። ስለዚህ ወለሉ ከመካከሉ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይወጣና መልሶ ይበየዳል። ይህቺን 30 ሳንቲ ሜትር አደራ አትርሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ታዲያ ልጁ አንድ እሑድ ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ፍሪሲዮን ገደለኝ። ከቤቴ ሥራ ቦታ እስክደርስ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩን አውርጄ ፍሪሲዮኑን ከነምኑ ልለውጠው ነው» አለኝ።

«ቆይ አንተ ልጅ» አልኩት። «ሞተር ከማውረድህ በፊት መጀመሪያ አንድ ዳዶ ፍታ።»

ስለዚያች አንድ ዳዶ ነው እንግዲህ የምነግራችሁ። ከዚያ በፊት ግን መኪና ለማይነዱት ጥቂት ላስረዳ።

ሞተር አንዴ ከተነሳ መዞሩን አያቋርጥም። ጎማ ግን መቆምም መሄድም አለበት። የሚዞረውን ሞተር ከጎማው የሚያገናኘውና የሚያለያየው ፍሪሲዮን ነው። በሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ከእርሱ ትይዩ ደግሞ በኃይለኛ ሞላ የሚገፋ ሌላ ብረት አለ። በሁለቱ መካከል ሸራ የለበሰ ዲስክ በሁለት መዳፍ እንደተያዘ ሰሃን ተጨብጦ ይኖራል። የቮልስዋገን ዲስክ እንደ ሞዴሉ 180 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ነው። ፔዳሉን ስንረግጥ ጭብጡ ይለቅና ዲስኩ ነፃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ይገባል።

ቮልስዋገን ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ነው። ስለዚህ የእግራችን ትእዛዝ ሩቅ መንገድ መሄድ አለበት። ፔዳሉ ከሥሩ ባለው መንጠቆ አንድ የሽቦ ገመድ ይጎትታል፤ መካኒኮች ኬብል የሚሉት ነው። ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው የወለል ጉብታ ውስጥ በቀጭን የብረት ቧንቧ ያልፋል። ከቧንቧው ሲወጣ ተጣጣፊ ቱቦ ይቀበለዋል። መጨረሻ ላይ ካምቢዮው በስተግራ ያለችውን ማንሻ ብረት ይስባል። ገመዱ ከማንሻዋ ጋር የሚታሰረው ባለ ሁለት ክንፍ በሆነች ዳዶ ነው። ያቺ ናት ዳዶዋ።

የፍሪሲዮን በሽታ ሦስት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው ያምታታል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ ዲስኩ ይንሸራተታል፤ ያ በአብዛኛው የሸራ ማለቅ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ማርሽ እየጮኸ አልገባ ካለ ዲስኩ አልለቀቀም ማለት ነው። ሦስተኛው የዛሬው ርዕሳችን ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ማርሹም ይገባል፣ ነገር ግን ፔዳሉ ይከብዳል። ይህኛው ብዙ ጊዜ የሸራ በሽታ አይደለም፤ የመንገዱ በሽታ ነው። ከእግር እስከ ማንሻዋ ባለው መንገድ ላይ አንድ ነገር ደርቋል፣ ታጥፏል ወይም ዝጓል።

ይህን እኔ ያወቅሁት በውድ ዋጋ ነው።

በ1988 ዓ.ም. የቮልስዋገኔ ፔዳል መክበድ ጀመረ። ጀመረ የምለው ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ አላወቅሁትም። ነገሩ በአንድ ቀን አይመጣምና። ዛሬ ከትናንት በጥቂት ይከብዳል፣ ነገ ደግሞ በጥቂት፤ እግርም አብሮ ይለምዳል። እኔ ያወቅሁት ጉልበቴ መታመሙን ብቻ ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ ባለቤቴ ማታ ማታ በቅቤ ታሸኛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍል ውኃ እየሄድኩ እዘፈዘፋለሁ። እስኪ አስቡት፤ ገና 40 ዓመት ያልሞላኝ ሰው! ለካ የታመመችው መኪናዋ ኖራ የምታከመው እኔ ነበርኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናዋን ተውሶ ሲመለስ «አንተ ሰው፣ ይኼ ፍሪሲዮን ነው ወይስ የወፍጮ ድንጋይ?» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ሥሯን እንኳ ሳያይ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለኝ። ሞተሩ ወረደ፣ ዲስኩም ሸራውም ተለወጠ። የሁለት ወር ደመወዜን የሚበልጥ ገንዘብ ከፈልኩ። ተረክቤ ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ፊቱ ከባድ ነው። ብጠይቀው «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሠራ ይላላል» አለኝ። እኔም አመንኩ። ይህ የሆነው ኅዳር 1989 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ይላላል እያልኩ ረገጥኩ።

የዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ከእድራችን አባሎች አንዱ ዐረፉ። ነባሮቹ አባሎች ታስታውሳላችሁ። ሟቹ መንዝ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። መርዶው ዘግይቶ ስለደረሳቸው ቀብሩ እሳቸው እስኪመጡ ተብሎ ከ6 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ተገፋ። መኪና የነበረን ጥቂቶች ስለነበርን ከአውቶቡስ ተራ ተቀብዬ ወደ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም እንዳደርሳቸው ኮሚቴው እኔን ላከኝ። አውቶቡሱ ዘግይቶም ቢሆን ከ8 ሰዓት በፊት ገባ። ሽማግሌውን አሳፈርኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ገና ጊዜ አለን ብዬ እያጽናናኋቸው ወደ ቀጨኔ የሚወጣውን ዳገት ስንጀምር ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት። ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ምን ልበላችሁ? ከኋላ መኪኖች ይጮሃሉ። ታክሲ ባስቆም ሁሉም ሙሉ ነው። ሽማግሌውን በጋቢያቸው ላይ ኮቴን ደርቤላቸው በእግራችን ዳገቱን ተያያዝነው። ቀሳውስቱም ሕዝቡም በዝናብ እስከሚቻላቸው ጠብቀው ነበር። ስንደርስ ግን ቀብሩ አልቆ ሰው እየተበተነ ነው። አንድ እናት የወለዳቸው፣ ወንድማቸውን አፈር ሳያለብሱ ቀሩ። ሽማግሌው ከጭቃው አንድ እፍኝ ዘግነው ከመቃብሩ በላይ አደረጉና ዝም ብለው ቆሙ። እኔ እግራቸው ላይ ለመውደቅ ደርሼ ነበር። አልተቆጡኝም። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ በቅሎም ከመውደቋ በፊት ታነክሳለች። አላየሃትም?»

በስም ጥሪው ጊዜ ስላልነበርኩም በደንባችን መሠረት የቀሪ ቅጣት ተጻፈብኝ። የኮሚቴው አባሎች አስተያየት ሊያደርጉልኝ ፈልገው ነበር። እኔ ግን አልተከራከርኩም፤ ከፈልኩ። የሰውየው ዕዳ ግን በዚያ አልተከፈለም።

መኪናዋን አስጎትቼ አሁን በሕይወት ወደሌሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳት። እሳቸው ሞተሩን ዞር ብለውም አላዩትም። ከፊት በር ተንበርክከው የተኛውን ፔዳል በእጃቸው ወደ ላይ ሳቡት። አልነሳም አላቸው፤ በጭንቅ ተነሳ። ዞር ብለው አዩኝና «ገመዱ ተበጥሷል። ታዲያ ይኼ ፔዳል ማንን እየጎተተ ነው የሚከብደው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ በክረምት ከጫማችን በሚራገፈው ውኃና ጭቃ ዝጎ፣ ግሪሱም ደርቆ ከነቤቱ ተጣብቆ ነበር። ከዓመት በላይ የታገልኩት ከፍሪሲዮኑ ጋር ሳይሆን ከዝገት ጋር ነበር።

ቀጥለው የተበጠሰውን ገመድ አውጥተው ጫፉን አሳዩኝ። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ነው። አብዛኞቹ ሽቦዎች የተበጠሱበት ጫፍ ዝጓል። ሦስት አራቱ ብቻ ነጭ ሆነው ያበራሉ። «እነዚህ ናቸው ትናንት የተበጠሱት» አሉኝ፤ «ሌሎቹ ከሄዱ ወራት ሆኗቸዋል።» የተበጠሰውም ከኋላ በኩል በተጣጣፊው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ከልክ በላይ ታጥፎ ስለተገጠመ ገመዱን ሲሞርደው ከርሟል። አዲስ ገመድና አንድ ጣሳ ግሪስ ገዛሁ። ወጪው ለጋራዡ ከከፈልኩት ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም ነበር። በማግሥቱ ፔዳሉን ስረግጠው ከልምድ የተነሳ በኃይል ገፋሁትና ከወለሉ ጋር አጋጨሁት፤ ያን ያህል ቀሎ ነበር። ጉልበቴም ከዚያ ወዲህ ፍል ውኃ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መሠረቱ አንድ ነው፤ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከውጭው ወደ ውስጡ መሄድ።

አንደኛ፦ በጣታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ግፉት። መጀመሪያ ላይ ያለ ክብደት የሚሄድበት ትንሽ ርቀት አለ። በቮልስዋገን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በልጆች ማስመሪያ ይለካል። ምንም ከሌለ ከውስጥ ያለው ኩሽኔታ ዘወትር እየተፋተገ ያልቃል። ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ገመዱም ከመንጠቆው ሊወልቅ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ዳዶዋን ፍቱ። በመጀመሪያ ግን መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አይገባም። ሌላው ጎማ በድንጋይ ይታገዝ፣ የተነሳው ወገን በጠንካራ ግንድ ላይ ይረፍ። ዳዶዋ ስትፈታ አንድ ሰው የገመዱን ጫፍ ወደ ኋላ ወጠር አድርጎ ይያዝ፤ አለዚያ የፊተኛው ዓይን ከመንጠቆው ወልቆ ሌላ ሥራ ያመጣባችኋል። አሁን ሌላ ሰው ፔዳሉን በእጁ ይግፋ። ከሞላው ጋር ያለው ግንኙነት ስለተቋረጠ በእጅ መሄድ አለበት። አሁንም ከከበደ በሽታው ከፊት ነው፤ ሞተር የሚወርድበት ምንም ምክንያት የለም። ከቀለለ በሽታው ወደ ኋላ ነው። በዚህች ዳዶ ነው መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው።

ሦስተኛ፦ በሽታው ከፊት ከሆነ ፔዳሉ ከነመያዣው ይፈታ። ገመዱ ከወለቀ በኋላ ፔዳሉ ብቻውን ከከበደ ዘንጉ ደርቋል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ አዲስ ግሪስ ይቀባ። ገመዱን የሚይዘውም መንጠቆ በመፋተግ ብዛት ተቦርቡሮ እንደሆነ ይታይ።

አራተኛ፦ ፔዳሉ ቀሎ ገመዱ ከከበደ፣ ገመዱን በፊት በኩል አውጡት። በባዶ እጅ አትዳስሱት፤ የተበጠሰው ሽቦ እንደ መርፌ ይወጋል። በጨርቅ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት። ጨርቁን የሚይዝ ቦታ ካለ ተበጥሷል። አንድ ቦታ ብቻ ተፍቆ የሚያበራ ከሆነ ደግሞ ከፊተኛው ዓይን እስከዚያ ቦታ በሜትር ለኩና ጻፉት። የተፋተገበትን ቦታ መኪናው ውስጥ የሚያሳያችሁ ያ ቁጥር ነው። በጉብታው ውስጥ ያለው ቧንቧ ብየዳው የለቀቀ እንደሆነ ደግሞ ገመዱ እንደታሰረ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ከኋላ የቧንቧውን ጫፍ ይመልከት። ቧንቧው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ብየዳው የለም። አዲስ ገመድ ሲገባም ዳር እስከ ዳር ግሪስ ተቀብቶ ይግባ።

አምስተኛ፦ ተጣጣፊውን ቱቦ እዩት። ቀጥ ማለት የለበትም፤ በመካከሉ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ቀጥ ካለ ሲነሱ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ከመጠን በላይ ከታጠፈ እንደ እኔ ገመድ ይበላል። የሚስተካከለው በጫፉ በኩል ሮንዴላ በመጨመርና በመቀነስ ነው።

ስድስተኛ፦ ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ማንሻዋ ሂዱ። መጀመሪያ ላይ በእጅ ጥቂት ያለ ችግር መንቀሳቀስ አለባት፤ ከዚያ በኋላ ከሞላው ጋር ስለምትገናኝ መክበዷ ተፈጥሮዋ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ እንቅስቃሴ ከደረቀች በካምቢዮው ቤት ውስጥ ያለው ዘንግ ተጣብቋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይወርዳል። ሞላውም በስህተት ለኃይለኛ ሞተር የተሠራ ዓይነት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሞላ ጤነኛም ሆኖ ከባድ ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፔዳሉ የሚከብድበት የፍሪሲዮን ዓይነትም አለ።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ያን ዕለት ማታ ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት፤ እርሱም ጻፈው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳዶዋን ፈታ። ፔዳሉ አሁንም ከባድ ነው። ዘንጉን አየ፤ አዲስ ነው፣ ግሪስም አለው። ገመዱን ሲያወጣ ከዓይኑ ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ቦታ ተፍቆ ያበራል። ለካና በወለሉ ላይ ሜትሩን ሲዘረጋ ቁጥሩ ያረፈው የት ይመስላችኋል? ወለሉ ተቆርጦ 30 ሳንቲ ሜትር ወጥቶለት እንደገና በተበየደበት መስመር ላይ! ወለሉን የበየዱት ሰዎች ጉብታውን አሳምረው አጋጥመዋል። በውስጡ ያለው ቀጭን ቧንቧ ግን ሁለቱ ጫፎቹ ትይዩ አልሆኑም፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተበይዷል። ገመዱ እዚያች ደረጃ ላይ እየተፋተገ ነው ፔዳሉ የከበደው። ልጁ ጉብታውን በትንሹ እንደ መስኮት ከፍቶ ቧንቧውን አቅንቶ አስበየደው፤ ገመዱንም ለወጠ።

ከዚያ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ሞተሩን ባወርደው ኖሮ ምን አገኝ ነበር?» አለኝ። «እኔ በ1989 ያገኘሁትን ታገኝ ነበር» አልኩት።

ሌላ ዓይነት መኪና ያላችሁም አላችሁ። በሚኒባስና በብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ላይ በገመድ ፋንታ ዘይት ነው ትእዛዙን የሚያደርሰው። አንድ ፖምፓ ከፔዳሉ ዘንድ፣ ሌላው ከካምቢዮው ዘንድ አለ። እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ መጀመሪያ የፔዳሉ ዘንግ፣ ቀጥሎ ፖምፓዎቹና በመካከል ያለው ቱቦ፣ መጨረሻ ላይ ውስጡ። በተለይ የምለምናችሁ በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት እንዳትጨምሩ ነው። ጎሚኒዎቹ ያብጡና ፔዳሉ ይደርቃል፤ አንዳንዴም አይመለስም።

መንገድ ላይ ገመድ ቢበጠስባችሁም እኔ ያኔ ያላወቅሁትን ዘዴ እወቁ። ሞተሩን አጥፉ፣ 1ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሩ። ሞተሪኖው መኪናውን ገፋ ያደርገውና ሞተሩ ይነሳል፤ በ1ኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ለመቆም ሞተሩን ማጥፋት ነው። ሞተሪኖና ባትሪ ስለሚጎዳ ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው፤ ሰው በበዛበትና በኃይለኛ ዳገት ላይ ግን አይሞከርም። ያን ቀን ይህን ባውቅና መኪናዋን ወደ ሜዳው መለስ ባደርጋት ኖሮ፣ ሌላውን መንገድ ዞሬ ምናልባት ሽማግሌውን ባደረስኳቸው ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ወጣቶቹ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት በእጃችን ያሉትን አሮጌዎቹን ጠብቀን መያዝ አለብን። በኤሌክትሪኩም ቢሆን ቀስ እያለ የሚመጣ፣ ሰው የሚለምደው ነገር አይጠፋም።

እንግዲህ ለጉባዔው አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። በእድራችን ለቀብር ቀን መኪናችንን የምንሰጥ አባሎች አለን። በየዓመቱ ሰኔ ሳይወጣ፣ ክረምቱ ሳይበረታ፣ እያንዳንዳችን መኪናችንን ለአንድ ቀን ለሌላ አባል እየሰጠን እንድናስነዳ አሳስባለሁ። ባለቤቱ እግሩ ለምዶታልና አያውቀውም፤ የማያውቃት ሰው ግን በአንድ እርግጫ ይነግረዋል። ያ ባልደረባዬ ነግሮኝ ነበር። የተነገረኝን ሰምቼ እስከ መጨረሻው ባለመከተሌ ነው የተጎዳሁት፤ ከእኔ ይልቅ ደግሞ ሌላ ሰው ተጎዳ።

እኚያ የመንዙ ሽማግሌ ዛሬ የሉም። ሰባት ዓመት ቆይተው ማረፋቸውን ስሰማ በዚያችው ቮልስዋገን ለቅሶ ደርሻለሁ። ከመነሳቴ በፊት ፔዳሉን በጣቴ ገፍቼ፣ ማስመሪያ ይዤ ለክቻለሁ። 15 ሚሊ ሜትር ነበር።